ክር የሚበጥስ ጥርስ

የጥርስ ሐኪሟ አባቷን ወንበሩ ላይ ጋደም አድርጋ ስታየው፣ ባለፈው የሞላችለት የፊት ጥርስ ጫፉ ተበልቶ ክር የሚያህል ቦይ አውጥቷል።

"አባዬ፣ አሁንም ክር በጥርስህ ትበጥሳለህ?"

"ልብስ ሰፊ አይደለሁ እንዴ?"

"መቀስ ገዝቼልህ የለ?"

"መቀስ ይጠፋል ልጄ። ጥርስ የት ይሄዳል?"

"በዚህ አያያዝህ እሱም ይሄዳል። ነገ ተመለስ፣ የማይበላ ጠንካራ ሙሌት አዘጋጅልሃለሁ።"

አባትየው ባርኔጣውን ረስቶ ሄደ። በምሳ ሰዓት ልታደርስለት ሱቁ ደጃፍ ስትደርስ፣ የሕፃን ካፖርት ላይ ቁልፍ ሲተክል አየችው። ጨርሶ መቀሱን አነሳ። ስለቱ ጨርቁ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ሞከረ፣ እምቢ አለው። መቀሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠና አንገቱን ደፍቶ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

ዘንድሮ "ሱፍ መስፋት ሰለቸኝ" እያለ ደንበኛ የሚመልሰው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት። ገብታ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆየ" አለ፣ ዓይኑን ካፖርቱ ላይ ተክሎ። "የሰው ልብስ እንዳላበላሽ ብዬ ነው። ጥርሴ አይንቀጠቀጥም።"

"ለእጅህ የሚሆን ሐኪም አውቃለሁ። አብረን እንሄዳለን።"

"አንቺ ካለሽ እሺ።"

በማግስቱ ወንበሩ ላይ እንደተመቻቸ "ያ ጠንካራው መጣ?" ሲል ጠየቃት።

"ተውኩት። እሱ አያልቅም፣ ግን ትይዩ ያለውን የራስህን ጥርስ ይፈጨዋል። ለስለስ ያለውን አደርግልሃለሁ። ሲያልቅ ትመጣለህ፣ እሞላዋለሁ።"

"እንዲህ እየተመላለስኩ ላስቸግርሽ?"

"አስቸግረኝ አባዬ።"

ሞልታ፣ አድርቃ፣ አለስልሳ ስትጨርስ አባትየው ቀና ብሎ ጋዋኗን አየ። አንዱ ቁልፍ ላልቶ ተንጠልጥሏል።

"ይሄን ለብሰሽ ነው ሰው የምታክሚው? በይ አውልቂ።"

ከኮሌታው ሥር መርፌና ክር መዘዘ። ክሩን እሷ አሾለከችለት። ቀስ እያለ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ቁልፉን አጥብቆ ሰፋው። ከዚያ ክሩን ወደ አፉ ወሰደ።

"ኧረ ሙሌቱ አንድ ቀን እንኳን ይደር" አለችው።

እሱ ግን በጥሶት ነበር።