የፉርጎው በርና የአክስቱ ጓዳ

አናጺውን ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ብየዳ ሠራተኛው ነው፤ አናጺው አንዲት ብሎን ከፉርጎው ዘመን ውጪ ናት ብሎ ሰውን ሁሉ ሥራ ያስፈታ ዕለት። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው አሮጌ መጋዘን ውስጥ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ተሰባስበው አንድ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ እንደ ጥንቱ አድርገው ሊያስነሱ ደፋ ቀና ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። አናጺው እዚያ ያቆመው ሕግ አንድ ነው፦ በፉርጎው ላይ ቅጂ አይገባም። ወንበሩ ዋናው ነው፣ መስኮቱ ዋናው ነው፣ የዕቃ መደርደሪያው ሳይቀር ዋናው ነው። አንድ በር ብቻ ጠፋ። መስመሩ በተዘጋ ጊዜ ሠራተኛው ያገኘውን ተሸክሞ ወደየቤቱ ገብቷልና፣ የት እንደደረሰ ፈጣሪ ይወቀው።

«አንተ ሚሊሜትር፣ እንደ ፕላኑ ሥራና ግጠማት በቃ!» ይለዋል ብየዳ ሠራተኛው።

«ቅጂ ነዋ!»

«ተሳፋሪው ተቀምጦ ሊሄድ ነው እንጂ በሩን ሊያገባ ነው እንዴ የሚመጣው?»

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ በሩ የተገኘው እሱን ያሳደጉት አክስቱ ቤት ነው። ሊጠይቃቸው ሄዶ የጓዳውን በር ማጠፊያ ዘይት ሲያጠጣ፣ ቀለሙ በተላጠበት በኩል ጠርዙ ላይ የተመታ ቁጥር አየ። የፉርጎው ቁጥር! ከልጅነቱ ጀምሮ በርግዶ የሚገባበት፣ ስንቴ አላትሞት የተቆጡበት በር። የአክስቱ ባል ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡት እሳቸው ናቸው።

አናጺው ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ሆንክ ልጄ? ወገብህን ነው?»

«እትዬ፣ ይሄ በር እኮ…» አለና ነገራቸው።

አክስቱ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ሰሙት። መቀርቀሪያውን ወርወር አድርገው ድምፁን አዳመጡ። በዚያ ድምፅ ነበር ባላቸው ከሥራ መግባታቸውን የሚያውቁት።

«ቤቱ እዚያ ፉርጎው ላይ ነው ነው የምትለኝ?»

«እዚያ ነው እትዬ።»

«እንግዲያ ውሰደዋ። ብቻ ጓዳዬን ራቁቱን እንዳታስቀረው፤ አይጥ እንኳ ያፍራል።»

አናጺው ለአክስቱ ከደህና እንጨት አዲስ በር ሠራ። ሲሠራ ግን የፉርጎውን በር ፕላን ነበር ፊቱ የዘረጋው፤ ሌላ ዓይነት በር መሥራት እጁ እምቢ አለው። ይዞት መጥቶ ማጠፊያው ላይ ሰቀለውና፣ ዓይኑ ጋሪው ላይ ከተጫነው ከአሮጌው ሳይነቀል፣ አክስቱ «ሂድ፣ ሂድ፣ እኔ እዘጋዋለሁ» ሲሉት ዞሮም ሳያይ ወጣ።

መጋዘን ገብቶ የአክስቱን የስንት ዘመን ሰማያዊ ቀለም በትዕግሥት ላጠ። ከሥሩ የፉርጎው ቡናማ ብቅ ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፉርጎው እንግዶች ጭኖ ሊጓዝ ሲቃረብ በሩን አንስተው መቃኑ ውስጥ ከተቱት። በመቀርቀሪያው በኩል የአውራ ጣት ስፋት ብርሃን ገባ።

ብየዳ ሠራተኛው ጣቱን በክፍተቱ አሾልኮ ከወዲያ አወዛወዘ። «ሚሊሜትር! ይሄ በስምህ አይጠራም እኮ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አናጺው ግን ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ዳሰሰ። መላጊያ አልፎበታል፤ ጋሼ ለጠባቡ የጓዳ መቃን ሲሉ ልገውታል። ቁጥሩ የተረፈው በማጠፊያው በኩል ስለሆነ ብቻ ነው።

«ቁራጭ እንጨት በኮላ ለጥፍበት» አለ ብየዳ ሠራተኛው፣ አሁን እንኳ ሳይቀልድ።

አናጺው አውራ ጣቱን ክፍተቱ ውስጥ ከትቶ ለካው። ቢለጥፍ የጋሼ መላጊያ ያለፈበት ጠርዝ ይሸፈናል፤ ባይለጥፍ በሩ አይዘጋም፤ ቅጂ ቢያስገባ ደግሞ ሕጉን በገዛ እጁ መሻሩ ነው። ምን ማድረግ እንዳለበት ሲጠፋው፣ ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው ወደ አክስቱ ሄደ።

ሲደርስ የጓዳው አዲሱ በር በገመድ ወደ ግድግዳው ታስሮ፣ በቦታው መጋረጃ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው እትዬ?»

«ምን ይሆናል፣ አልዘጋ አለኛ! መቃኑ አልበቃውም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከሰቀልከው ወዲህ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም!»

«እንደዚያ ደስ ብሎህ ስትወጣ አይቼህ? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ድመቷም ለምዳዋለች።»

አናጺው ገመዱን ፈትቶ በሩን ገፋ፤ መቃኑ ላይ ገጭ ብሎ ቆመ። የተረፈውን በአውራ ጣቱ ለካ። ፉርጎው ላይ የጎደለው ያህል ነው። ሳቅ አፈነው።

«አሮጌውን ጋሼ ናቸው የላጉት?» አለ።

«እሱ እንጂ ማን! እኔ ፋኖስ ይዤለት። ትንሽ ቀረው፣ ትንሽ ቀረው እያለ ክንዱ እስኪዝል። ሲዘጋለት ከፍቶ ዘጋው፣ ከፍቶ ዘጋው፤ ጎረቤት ምን ሆኑ እስኪል።»

አናጺው በልቡ ተመስገን አለና አዲሱን በር ነቅሎ በጋሪ ወሰደው። ፉርጎው ላይ ልክክ አለ።

«ይሄ እኮ ቅጂ ነው» አለው ብየዳ ሠራተኛው፣ ጥርሱን ሳይከድን።

«አዎ፣ ቅጂ ነው» አለ አናጺው። «የጠየቀህ ሁሉ እንደዚያ ብለህ ንገረው። ዋናው ሥራ ላይ ነው በለው።»

ዋናውንም መልሶ ጓዳው ላይ ሰቀለው። መቀርቀሪያው ሲወረወር አክስቱ ከወንበራቸው ቀና አሉ፤ ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አንተ! ሰማያዊዬንስ የት አደረስከው?»

አናጺው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ። ከመጋዘኑ ወለል የለቀመው የቀለም ቅርፊት ነው፤ ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ ተደራርቦ፣ አንዱ ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ያለ።

«እንደነበረው ነው የምቀባው እትዬ። ግን የትኛውን ዘመን ላድርግልዎ?»

አክስቱ መነጽራቸውን አድርገው ቅርፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ። ሳይቸኩሉ አገላበጡት፤ ከዚያ ከሁሉም ሥር ያለውን በጥፍራቸው ነካ አደረጉ።

«ይሄን» አሉ። «እሱ የቀባውን።»