ያልሠራችው የጥር ደመወዝ

ሳራንጎ አባቷን በቀበረችበት ጥር ዴጉ ከተማ ውስጥ የአሳማ አጥንት ስትቀቅል ነበር። የግብር ቢሮው መዝገብ የሚለው እንደዚህ ነው። በየካቲትም ቀቅላለች፤ እንዲያውም ከዓመቱ ሁሉ ዳጎስ ያለ ደመወዝ የተከፈላት በእነዚያ ሁለት ወራት ነው።

ይህን ጉድ ያየችው ዓመት አልፎ፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ ዶርም ውስጥ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ ነው። ግንቦት ለውጭ አገር ተማሪ የደስታ ወር ነው። ምግብ ቤቱም ካፌውም መጋዘኑም ዓመቱን ሙሉ ከደመወዙ ጥቂት ጥቂት ግብር ይቆርጥበታል፤ በግንቦት ያለፈውን ዓመት ገቢውን ሲያሳውቅ ግን መንግሥት አብዛኛውን ይመልስለታል። በዚያ ሰሞን የተማሪው ሰላምታ ሁሉ «ተመለሰልህ?» ነው። ሳራንጎ ግን ገቢዋን ራሷ አሳውቃ አታውቅም። የምትሠራበት ሾርባ ቤት ባለቤት፣ ተማሪው ሁሉ አክስቴ እያለ የሚጠራት ኦ ማልሱን፣ «አንቺ ትምህርትሽ ላይ በርቺ፣ ይሄን ለእኔ ተይው» እያለች በየዓመቱ ትጨርስላት ነበር። ሳራንጎም የመታወቂያዋን ኮፒ፣ የባንክ ደብተሯን፣ የይለፍ ቃሏን ሳይቀር አስረክባታለች። አክስት አይደለች? ከአክስት ምን ይደበቃል?

ዘንድሮ ራሷ የሞከረችው የክፍል ጓደኛዋ ዲልፉዛ ስላሾፈችባት ነው። ዲልፉዛ ከሳማርካንድ የመጣች፣ አፏ ምላጭ የሆነ ልጅ ናት። ድልድይ ለመገንባት የምትማር ሴት ገና አፍንጫዋን ሰው ይጠርግላታል ወይ ብላ ስታበግናት ነው ሳራንጎ እልህ ይዟት ስልኩን ያነሳችው።

ወራቱን አንድ በአንድ አየች። ጥር ላይ ስትደርስ ተነስታ ተቀመጠች። ያን ጥር እሷ ሞንጎሊያ ነበረች፤ ዳርካን። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ መሪውን እንደያዘ ነው ልቡ የቆመው። መሬቱ በውርጭ ድንጋይ ሆኖ ዶማ አልገባው ስላለ ወንድሞቿ ጉድጓዱን የቆፈሩት መጀመሪያ የድንጋይ ከሰል አንድደው፣ አፈሩን አቅልጠው ነው። ጭሱ ከፀጉሯ እስኪለቅ ስንት ቀን እንደፈጀ እሷ ታውቃለች። እና በዚያ ጭስ ውስጥ ቆማ ሳለ እዚህ በስሟ አጥንት ይቀቀላል!

ዲልፉዛ ስልኩን ተቀብላ አየችና በዚህ ግን አልሳቀችም። በሰኔ የሳራንጎ የመኖሪያ ፈቃድ ያበቃል። ለመመረቅ የቀራት አንድ መንፈቅ ነው። ፈቃዱን የሚያድሱት የኢሚግሬሽን ሰዎች የገቢውን ወረቀትና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አድርገው ነው የሚያዩት። ልጅቷ አገር ውስጥ የለችም፤ ስሟ ግን ይሠራል። ይህ ማለት መታወቂያዋን ለሌላ ሠራተኛ አከራይታለች ማለት ነው፤ በዚያ የተያዘ ሰው ደግሞ ሻንጣውን ነው የሚያዘጋጀው።

«አክስትሽ ካንቺ ይልቅ ስምሽን ነው የወደደችው» አለች ዲልፉዛ። «ለስሙ ደመወዝ፣ ላንቺ ሽንኩርት መላጥ።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት አልፎ ቤቱ ጭር ሲል ሳራንጎ ሄደች። ማልሱን ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እንዳየቻት እንደ ልማዷ በልታ እንደሆነ ጠየቀች፤ መልስም ሳትጠብቅ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ትኩስ ሾርባ አመጣችና ፊቷ አስቀመጠች። ሴትዮዋ እንደዚህ ናት። መጀመሪያ ታጎርስሃለች፤ ከዚያ በኋላ አፍህን ከፍተህ ምን ትላታለህ?

ሳራንጎ ማንኪያውን አልነካችም።

«አክስቴ፣ የግብር መዝገቡ ያለፈው ዓመት ጥርና የካቲት እዚህ ሠርተሻል ይለኛል።»

ማልሱን ቀና እንኳን አላለችም። «ያው የሒሳብ ነገር ነዋ። ወጪ ሲበዛ ግብሩ ይቀንሳል። እዚህ ሰፈር ይሄን የማያደርግ የለም።»

«እኔ እኮ አባቴን እየቀበርኩ ነበር።»

«አውቃለሁ እንጂ፣ ልጄ። የሐዘን ፖስታ የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁም?» ሽንኩርቱን ሳህኑ ላይ ጣል አደረገችና አሁን አየቻት። «ስምሽ በዚያን ጊዜ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ነበር። ምን ጎደለብሽ?»

የሳራንጎ ቆሽት አረረ። ፖስታውን መች ረሳችው! ገንዘብ የያዘውን ነጭ ፖስታ ማልሱን የሰጠቻት ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ አንገቷን አቅፋ፣ እንባዋን እያፈሰሰች ነበር። ሳራንጎ አውሮፕላን ውስጥ ሳይቀር ያለቀሰችው ግማሹን ለአባቷ፣ ግማሹን ለዚህች ሴት ደግነት ነው። ያን እንባ አሁን መልሳ መሰብሰብ ብትችል ኖሮ አንዷንም ጠብታ አትተውላትም ነበር።

«ስሜ ብቻ አይደለም» አለች፤ አንቱታዋን ግን አልጣለችም። «በእኛ አገር የአባት ስም ነው ከፊት የሚጻፈው። ጋንሱክ ብለው ነው የጻፉት። ገና አፈሩ ሳይደርቅ የእሱን ስም ነው ሥራ ያስገቡት።»

ማልሱን ተነፈሰች፤ የተቆጣ ሰው አተነፋፈስ ሳይሆን በልጅ የታከተ ሰው አተነፋፈስ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ በለሆሳስ ነው ያለችው። ሳራንጎ ግብር ቢሮ ከሄደች መጀመሪያ የሚመረመረው የሳራንጎ የሥራ ሰዓት ነው፤ የውጭ ተማሪ የሚሠራው ሰዓት ገደብ አለው። በትምህርት ወቅት ከተፈቀደላት በላይ የሠራች ማን ናት? እውነት ነው፣ ሳህን አጣቢዋ በቀረች ቁጥር «ልጄ ድረሽልኝ» እያለች የምትደውለው ማልሱን ነበረች፤ ግን ደዋይ አይቀጣም። ደግሞስ መፍትሔ እያለ መባላት ለምን ይጠቅማል? ማልሱን ራሷ ኢሚግሬሽን አብራት ትሄዳለች። ልጅቷ ሐዘን ላይ ስለነበረች አዝኜላት፣ ሳትሠራ ደመወዟን ከፈልኳት ትላለች። አለቃዋ ቆማ ስትመሰክርላት ማን ይጠረጥራታል?

«አንቺ ምንም አትናገሪ» አለች። «ራስሽን መነቅነቅ ብቻ ነው።»

ሳራንጎ ተነስታ ወጣች። ሾርባው እንዳለ ቀረ።

ዲልፉዛ ነገሩን ስትሰማ ነቅንቂ አለቻት። መሐላ አይደል፣ ጸሎት አይደል፤ ነቅንቂና ዲግሪሽን ያዢ፣ ከተመረቅሽ በኋላ በበሯ አትለፊ። ምክሩ መጥፎ አልነበረም፤ ሳራንጎም ሳትሞክረው አልቀረችም። መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ነቀነቀች። ግን እየነቀነቀች ያለችው ምን እንደሆነ ገባት፦ አባቴ በሞተ ጊዜ የደረሰችልኝ ይህች ሴት ናት እያለች ነው። ሴትዮዋ በሟች ስም ከማትረፏ አልፎ ልትመሰገንበት ነው። ንዴቱ እንደገና ገንፍሎ ወጣና ፓስፖርቷን ከመሳቢያ መዝዛ ጫማዋን አሰረች።

ግብር ቢሮ ያስተናገዳት ወጣት ዓይኑ በግንቦት ወረፋ የደከመ፣ ግን ጨዋ ልጅ ነበር። የመውጫና የመግቢያ ማህተሞቹን አየ። ሞንጎሊያ በነበረችባቸው ወራት የተጻፈውን አልሠራሁም ብላ ማመልከት እንደምትችል፣ ከዚያ በኋላ መልስ የሚሰጠው ቀጣሪዋ መሆኑን አስረዳት። ማመልከቻውን ሞልታ ፈረመች። ልቧ ትንሽ ረገብ አለ።

ልጁ ግን ወረቀቱን አልወሰደውም። የቀሩትን ወራት በጣቱ እየተከተለ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህት፣ እዚህ የትምህርት ወራት ላይም ክፍያው ለተማሪ በዝቷል። ይሄ ወረቀት ኢሚግሬሽን ሊደርስ ይችላል።» ዙሪያውን ቃኘት አደረገና ቀጠለ። «ሁለት ወር የፈጠረች ሴትዮ እነዚህንም አጋንና ጽፋ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አሁኑኑ አብረሽ ጻፊው። ማንም አይጠራጠርሽም።»

የማምለጫውን በር ወለል አድርጎ ከፈተላት። አዎ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ከተፈቀደው በላይ የሠራችው ሁሉ በማልሱን ውሸት ላይ ተደርቦ ይጠፋል፣ ፈቃዷ ይታደሳል፣ ትመረቃለች። ማልሱንም የእጇን ታገኛለች። ሳራንጎ መዝገቡን አየች። መጋቢትን አየች፤ ውሃው እጇን አቃጥሎ ቆዳዋ የተላጠበት ወር ነው። ጥቅምትን አየች፤ ከፈተና ወጥታ ሳትበላ ሄዳ ድስት የፈገፈገችበት።

«አይ» አለች። «እነዚህን ሠርቻቸዋለሁ።»

«እህት፣ ሊያስወጡሽ ይችላሉ እኮ።»

«ያስወጡኝ» አለች ሳራንጎ። «በሠራሁት ነው የምወጣው።»

ልጁ ሐሳቧን እንደማትቀይር ሲያይ ማህተሙን አነሳና ወረቀቱ ላይ መታ።