ያደነው ማን ነበር

ተማሪዎቹ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉት ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ ሲያስተምር አንዲት የተሳሳተች ቃል ሳያከብባት አልፎ አያውቅም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች የጻፈችለትን የፍቅር ደብዳቤ እንኳ አርሞ መልሶላታል ይባላል፤ ሲጠየቅም አይክድም፣ «ሁለት ቦታ ብቻ ነው» ይላል።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚኖረው ከሴት ልጁና ከልጅ ልጁ ጋር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቤት ነው። ልጁ ኤዲተር ናት፤ ስለ ዱር እንስሳት ለልጆች ተከታታይ ፊልም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የተቀረጸውን ምስል እየቆረጠች ትቀጥላለች። የፊልሙ አዘጋጅ ድሮ ቀይ እስክሪብቶ ያስተማረው ሰው ስለነበር፣ የትረካውን ጽሑፍ የሚያርም ዐዋቂ ሲፈልግ ሩቅ አልሄደም። በየክፍሉ መጨረሻ «ሳይንሳዊ እርማት» ተብሎ ስሙ እንዲወጣ ተስማሙ። ስሙ መጀመሪያ በወጣ ቀን ሽማግሌው ክራባት አስሮ ነው ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው።

ስድስት ክፍል በሰላም አለፈ። ዓሣ ነባሪን ዓሣ ነው የሚለውን ሰረዘ፤ ሰጎን ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች የሚለውንም ሰረዘ። አዘጋጁ እየሳቀ «ቲቸር፣ ዛሬም አለቀቁኝም» ይለው ነበር። ሰባተኛው የጅብ ነበር።

የጅቡን ምስል ገና ሳይቆረጥ አይቶታል። ልጁ ናት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ክፍሏ አስገብታ ያሳየችው። አምስት ጅቦች አንድ የሜዳ አህያ ከመንጋው ለዩ፤ እየተቀባበሉ አሳደዱት፤ በመጨረሻ ጣሉት። ገና መብላት ሲጀምሩ ሁለት አንበሶች ከየት መጡ ሳይባል ደርሰው ቀሟቸው። ሽማግሌው ከወንበሩ ብድግ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ለተማሪ ያወራውን በዓይኑ ማየቱ ነበር። ራት ላይ ለዐሥር ዓመቷ የልጅ ልጁ ነገሩን በጠረጴዛው ላይ አሳያት፤ ሹካዎቹ ጅብ፣ ማንኪያዎቹ አንበሳ፣ የጨው ዕቃው የሜዳ አህያ ሆኑ። ልጅቷ ድገመው እያለች ምግቡ ቀዘቀዘ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣለት ጽሑፍ ግን ሌላ ነበር። አንበሶቹ አደኑ፣ ጅቦቹ ሊሰርቁ መጡ ይላል። የተቆረጠውን ፊልም ሲያይ ምስሉም እንደ ጽሑፉ ተገልብጧል፤ የአንበሶቹ ወደ ፊት መጥቷል፣ የጅቦቹ ወደ ኋላ ሄዷል፣ ማሳደዱ ጭራሽ የለም። ገጹን ከላይ እስከ ታች ሰርዞ ወደ አዘጋጁ ቢሮ ሄደ።

አዘጋጁ በአክብሮት ወንበር ሳበለት። ተከታታዩን ስፖንሰር የሚያደርገው የብስኩት ፋብሪካ መሆኑን፣ የብስኩቱ ካርቶን ላይ ደግሞ ዘውድ የደፋ አንበሳ እንዳለ አስረዳው። ያ አንበሳ በልጆች ፊት ቀማኛ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።

«ደግሞ ቲቸር፣ ለጅብ ማን ይከራከራል? ስንት ተረት ነው በሆዱ የተተረተበት።»

«የተረቱት ሰዎች ሲያድን ያላዩት ናቸው። አንተ ግን አይተሃል።»

አዘጋጁ ጽሑፉ ልክ ነው የሚለውን የፊርማ ቅጽ ገፋ አድርጎለት፣ እስከ ዓርብ አስቦበት እንዲፈርም ለመነው። በር ድረስ ሲሸኘው፣ የልጁ ጊዜያዊ ቅጥር ወደ ቋሚ የሚዞርበት ጉዳይ እሱ ጠረጴዛ ላይ መድረሱን እግረ መንገዱን አነሳ። ክፉ ቃል አልወጣውም። ያነሳው ግን ያኔ ነው።

ልጁ ያን ቀን ከሥራ እንደገባች መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ገልብጠሽ ቀጥይው የተባለችው እሷው መሆኗን፣ እንቢ ብትል በማግስቱ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ ነገረችው። ፈርምልኝ አላለችም። ሽማግሌው ሰምቷት ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ታዲያ መጀመሪያውን ለምን አሳየሽኝ?»

«ደስ እንዲልህ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

ዓርብን አልጠበቀም፤ በማግስቱ ፈረመ።

ክፍሉ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ የልጅቷ አስተማሪ ለተማሪዎቿ አሳየቻቸውና ያደነው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ልጅቷ እጇን አውጥታ ጅቦቹ ናቸው አለች። ተማሪዎቹ ሳቁባት። አያቴ ፊልሙን ሳይቆረጥ አይቶታል ብላ ድርቅ አለች። አስተማሪዋ ክፋት አልነበረባትም፤ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አሳልፋ የሠራተኞቹ ዝርዝር ላይ አቆመችውና የሽማግሌውን ስም ጮክ ብላ አነበበች።

«ይኸው፤ አያትሽ ራሳቸው ልክ ነው ብለዋል።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ አያቷ ፊት መጥታ ቆመች። እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«አባባ፣ ያደነው ማን ነው?»

ቢላዋው ቀጥ አለ። እውነቱን ቢነግራት ቀጥላ «ታዲያ ማን ገለበጠው?» እንደምትለው ያውቃል፤ እንዲህ እንድትጠይቅ ያስተማራት እሱ ነው። ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለከተ። እናትየዋ ብቅ ትላለች ብሎ ትንሽ ጠበቀ። አልወጣችም።

«አንበሶቹ ናቸው» አላት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«በሹካ ያሳየኸኝስ?»

«ተሳስቼ ነው አልኩሽ እኮ።» ድምፁ ካሰበው በላይ ጠነከረ።

ከወጥ ቤት የመክተፉ ድምፅ እንደገና ተሰማ።

በፈተናው ላይ ጥያቄው ወጣ፤ ልጅቷ አንበሳ ብላ ጽፋ ከዐሥር ዐሥር አገኘች። እናቷ ቋሚ ሠራተኛ ሆነች። አዘጋጁ ለሁለተኛው ዙር ጽሑፍ መላኩን ትቶ፣ ሽማግሌው እንዳይደክም ብሎ የሚፈረመውን ቅጽ ብቻ ላከለት። ሽማግሌው አልፈረመም፤ ስሙ ግን ፊልሙ ባለቀ ቁጥር መውጣቱን አላቆመም። አባትና ልጅ ስለ ሊፍቱ መበላሸት፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ። ስለ ጅቡ ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ የሌሊት ወፍ ዕውር ናት ወይ ብላ አያቷን ጠየቀችው። ከጠየቀችው ሰንብታ ስለነበር ደስ አለው፤ ጋዜጣውን አስቀምጦ፣ ዓይኗ እንደሚያይ፣ በጨለማ ደግሞ በድምፅዋ ማሚቶ መንገዷን እንደምታገኝ ዘርዝሮ አስረዳት። ልጅቷ በጨዋነት አዳምጣ አመሰገነችውና ወደ ወጥ ቤት ሄደች። በሩ ክፍት ነበር።

«እማ፣ የሌሊት ወፍ ዕውር ናት?»

«አያትሽን አትጠይቂውም?»

«ጠየቅሁት። እሱ ይሳሳታል።»

እናትየዋ ቧንቧውን ዘጋች። 

«ታያለች» አለች በመጨረሻ።

ልጅቷ ተመልሳ በአያቷ ፊት አለፈች፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ መልሱን ደብተሯ ላይ ጻፈች።