ፊት ለፊት የተማርኩት ሽመና

ባሌን ዳልጮን ለሚሊሺያ ሲወስዱት የጀመረው ጋቢ መሸመኛው ላይ በግማሽ ቀረ። «ስመለስ እጨርሰዋለሁ» ብሎኝ ወደ ኦጋዴን ሄደ። ዓመት አለፈ፤ ወሬ የለ፣ ደብዳቤ የለ። እኛ አገር ኦቾሎ፣ ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ቤቴ ጭር አለ፤ ጭርታውን ጠላሁት።

አንድ ቀን የዳልጮ ታናሽ ወንድም ኦይታ መጣ።

«መሸመኛውን ምስጥ ከሚበላው ልውሰደው» አለኝ።

«የሚሠራበት ሰው እያለ?»

«ማን አለ?»

«እኔ!» አፌ ቀደመኝ።

ሳቀብኝ። «እሺ፣ ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ» ብሎ ሄደ።

አሥራ አንድ ዓመት ከዳልጮ ፊት ለፊት ተቀምጬ ስፈትል እጁን ሳይ ኖሬያለሁ። በሩን ዘግቼ እንደ እሱ እግሬን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አስገባሁ። መጀመሪያ ክሩ እየተበጠሰ አበሳዬን አሳየኝ። በሦስተኛው ቀን እጄ መወርወሪያውን፣ እግሬ መርገጫውን ለመደ። የሽመናው ድምፅ ወደ ቤቴ ሲመለስ ሥራውን አቁሜ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ኦይታ ሲመጣ ጋቢው ሊያልቅ ስንዝር ቀርቶታል። ጎንበስ ብሎ እጄን አየ።

«ለምን በግራሽ ትጀምሪያለሽ?»

«ዳልጮ እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

«ዳልጮማ በቀኙ ነው። ፊት ለፊት ሆነሽ ስላየሽው ገልብጠሽዋል።»

ፊቴ በእፍረት ጋለ።

«ይሁን፤ ይሄ ሲያልቅስ አዲሱን ድር ማን ይቀጥልልሻል?»

እዚህ ላይ ያዘኝ። ዳልጮ ድር የሚቀጥለው እኔ ገበያ በምሄድበት ቀን ስለነበር አይቼው አላውቅም።

«አሳየኛ!»

«ሴት ሽመና አስተማረ ልባል?» ብሎ ወጣ። መሸመኛው ሊሄድብኝ ነው ብዬ እህል አልቀመስኩም።

ሰኞ ጠዋት ኦይታ የራሱን ድር ተሸክሞ ደጄ ላይ ቁጭ አለ። «ቤቴ ዶሮዎቹ አስቸገሩኝ» አለ፣ ሳልጠይቀው። ጀርባውን ሰጠኝ። ገባኝ፤ ቀኙ ለቀኜ እንዲሆን ነው። ከኋላው ቆሜ በትከሻው ላይ አየሁ። የአሮጌውን ድር ጫፍ ከአዲሱ ጋር አንድ በአንድ፣ በጣም ቀስ እያለ ይገምዳል። አንገቱ የዳልጮ አንገት ነው። ጆሮውም። ዳልጮ ራሱ የተመለሰ መሰለኝ።

«አየሽ?» አለኝ ሳይዞር።

አይቻለሁ። ገና አምስተኛው ክር ላይ ገብቶኛል። ግን ከተነሳ ይሄዳል።

«አላየሁም» አልኩት፤ «ድገመው።»