ስድስተኛዋ ካንዴላ

መኪናችን የምትታመመው ኮምቦልቻ ብቻ ነበር። ቀንተሽ ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ቀንቼ ነው።

አባቴ ኑርሁሴን ሁለት ቤት አላቸው። አንዱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኔና እናቴ መዲና ያለንበት ነው። ሌላው ኮምቦልቻ ነው፤ እዚያ እትዬ ሸሪፋና ልጃቸው ረሂማ አሉ። አባቴ አላህን የሚፈሩ ሰው ናቸው። ሁለት አዳር እዚህ፣ ሁለት አዳር እዚያ፤ አንድም ቀን አዛብተው አያውቁም። የብልሽት ቀን ግን አይቆጠርም። መኪናዋ አልነሳም ካለች እዚያው ያለችበት ቤት ያድራሉ። «ያቆየችኝ እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላሉ። እሷ ደግሞ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርዳ ኮምቦልቻ እስክትገባ ታግሳ፣ እዚያ ትታመማለች። ባለፈው ዓመት ብቻ ዐሥራ አንድ ቀን ታማለች። ከአራተኛ ክፍል ስወጣ በተረፈኝ ደብተር ላይ መስመር እያሰመርኩ ቆጥሬዋለሁ።

እናቴ «ሦስተኛዋ» ነው የምትላት መኪናዋን።

አሮጌ የጭነት መኪና ናት፤ ቤንዚን እንጂ ናፍጣ አትጠጣም። ስለዚህ ስድስት ካንዴላ አላት። ካንዴላ ማለት ከላይ ነጭ ሸክላ፣ ከታች ብረት የሆነች፣ ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭር የጣት ቁመት ያላት ነገር ናት። ስትጠቁር መኪናዋ ታስላለች፣ ከዚያ ጭራሽ ትተኛለች። ይህን ያወቅሁት ከአባቴ ወሬ ነው። ወሬያቸው ደግሞ ሁሌ ረሂማ ነው።

«ረሂማ እኮ ስትፈታ ገመድ ከገመድ አታምታታም።»

«ረሂማ እኮ የካንዴላዋን ክፍተት በጥፍሯ ነው የምትለካ።»

ይህን የሚሉት የእኛን ራት እየበሉ ነው!

ረሂማን ያየኋት ለዒድ ነው። እኩያዬ ናት፣ ዐሥራ አምስት። እኔ እንሶስላ ሞቄ፣ እጄን ለሰው ሁሉ እያሳየሁ ነበር። የእሷ ጥፍር ሥር ግን ጥቁር ዘይት ነበር። ሴቶቹ «ይቺ ልጅ አትታጠብም እንዴ?» ብለው ሲስቁባት እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወላሂ ግን በዚያ ዘይት ቀናሁ። እንሶስላማ ማንም ይሞቃል።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር፣ አንድ ቅዳሜ ጧት አባቴ ሱብሂ ሰግደው ወደ ኮምቦልቻ ሊወርዱ ተነሱ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አዳምጣለሁ። መኪናዋ «እህ... እህ... እህ» አለችና ዝም አለች። እንደገና ሞከሩ። «እህ...» ዝም።

እናቴ ሳቋን እንዳላይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ከሪማ፣ ተነሽ። ዛሬ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለብኝ። ሂጂና እናቴን ሆዷን አሟታል በያቸው።»

ጎረቤታችን እትዬ አትጠገብ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለዋል። «አንቺ መዲና! መኪናዋን ምን አብልተሻት ነው?»

«ኧረ ብርዱ ነው እትዬ አትጠገብ!»

«የደሴ ብርድ ዘንድሮ ነው እንዴ የመጣው?»

አባቴ ፒያሳ ወጥተው ስድስት አዲስ ካንዴላ በካርቶን ይዘው መጡ። ምሳ ከበሉ በኋላ የሞተሩን ክዳን አነሱ። ካፖርታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ፣ «ምነው ረሂማ በኖረች» አሉ።

«እኔስ አባባ? እጅ የለኝም?»

«እጅማ አለሽ። የሚያሰጋኝ ምላስሽ ነው።» ሳቁና መፍቻውን ሰጡኝ።

አንድ በአንድ ነው የሚሠራው። ገመዷን ትነቅላለህ፣ ቆሻሻ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ዙሪያዋን በጨርቅ ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ትፈታታለህ። የመጀመሪያዋ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁራ ወጣች። አዲሷን «ቢስሚላህ» ብዬ እስክትቆም በእጄ አዞርኳት፤ ከዚያ በመፍቻው ትንሽ ብቻ።

«በቃ፣ በቃ! ሸክላዋን እንዳትሰብሪያት።»

ሁለተኛዋን ያለ ጩኸት አሰርኩ። በሦስተኛዋ «ማሻአላህ» አሉ። አራተኛዋን ስጨርስ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ወላሂ ከረሂማ አታንሺም» አሉኝ።

ደስታዬ ግን አንድ ካንዴላ ያህል እንኳ አልቆየም። አምስተኛዋን እያጠበቅሁ ሳስበው፣ አንዲት ብቻ ቀርታለች። እሷም ስትገባ መኪናዋ ትነሳለች፣ አባባም ሳይመሽ ኮምቦልቻ ይደርሳሉ። ረሂማን የምበልጣት ቶሎ ስጨርስ ነው። ቶሎ ስጨርስ ግን አባቴን ሸኝቼ ለእሷ መላኬ ነው። ቀስ ብል ደግሞ አባባ እዚህ ያድራሉ፣ ረሂማም እንደበለጠችኝ ትኖራለች። እኔ ሁለቱንም ፈለግሁ።

አባቴ የዐስር ሶላት ሊሰግዱ ገቡ። እኔ ስድስተኛዋን ከካርቶኑ አነሳሁና ወጥ ቤት ገብቼ የበርበሬው ጣሳ ውስጥ፣ እስከ ታች፣ ቀበርኳት። ተመልሼ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እንደ ሙሽራ ተቀመጥኩ።

«ስድስተኛዋስ?»

«አምስት ነው እኮ የነበረው አባባ። ባለሱቁ ሸውዶዎት ነው።»

ካርቶኑን ገለበጡት፤ ከዚያ እኔን አዩ። «አሁን እኮ ሱቁም ተዘግቷል።»

«ነገም እሑድ ነው» አልኳቸው ቶሎ ብዬ። «እንግዲህ ሰኞ ነው።»

ሁለት አዳር! በልቤ ሁለት መስመር አሰመርኩ።

ያኔ አባቴ አነጠሱ። እጄን ያዙና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ደግመው አነጠሱ። ወደ መኪናዋ ገብተው ከወንበሩ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ካንዴላ ናት፤ አሮጌ፣ ግን ተፈግፍጋ ሸክላዋ እንደ ጥርስ የነጣች።

«ይቺን የወለወለቻት ረሂማ ናት» አሉ።

መፍቻውን አልሰጡኝም። የጠቆረችውን ፈትተው ራሳቸው አሰሯት። ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ያለ ሳል ተነሳ። እናቴ ድምፁን ሰምታ በር ላይ ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። «ስብሰባው አልቆ ይሆን?» አለች ለራሷ፤ ተመልሳም ገባች።

እኔን አንገበገበኝ። አባቴን አላስቀረሁ፣ ረሂማን አልበለጥኩ። ጭራሽ መኪናዋ ከእኔው ግቢ በረሂማ ካንዴላ ልትወጣ!

«ለምንድነው ሁልጊዜ እዚያ የምትበላሸው?» ብዬ ጮህኩ። እንባዬ መጣ። «መኪናም ታዳላለች?»

አባቴ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና መረገጫው ላይ ተቀመጡ።

«ወንበር ሥር ትርፍ ካንዴላ የማስቀምጠው ለምን ይመስልሻል?»

«እንጃ።»

«ረሂማ ናት ያስለመደችኝ። ካንዴላ በቀየርን ቁጥር አንዷ ትጠፋባታለች። እሷ የምትደብቃት ሽሮ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሸሪፋ ወጥ ስታማስል ድስቱ ውስጥ ቃ አላት!»

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን እንደገና ነደደኝ። ይህንንም ቀድማኝ! እኔ ዛሬ ነው ያሰብኩት፤ እሷ መቼ ጀምራ ኖሯል?

«አምጫት በይ።»

ሄጄ አመጣኋት፤ ቀይ ሆናለች። አባቴ በጨርቅ እየጠረጓት ሦስተኛ አነጠሱ። ፈትተው የሚገጥሟት መስሎኝ ነበር። መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጧት።

«የረሂማዋ አሮጌ ናት፣ ብዙ አትሄድም። ስመለስ ይቺን አንቺ ትገጥሚያታለሽ። እስከዚያ ከበርበሬ አርቂያት።»

«አባባ፣ አንዷን ለመግጠም ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ካፖርታቸውን ደርበው ገቡና በመስኮቱ አዩኝ። «እንደ ሠሪዋ ነው» አሉ።

መኪናዋ ከበሩ ወጥታ ወደ ኮምቦልቻ ታጠፈች። እናቴ ወጥ ቤት ሆና፣ «ሄዱ?» አለችኝ።

«ሄዱ። ግን ካንዴላቸው እኔ ጋ ናት።»

እሷ ግን በርበሬዋን እያየች፣ «ይህን ጣሳ ማነው የፈነቀለው?» አለች።

ካንዴላዋን ጠርጌ፣ ጠቅልዬ፣ የዒድ ልብሴ ውስጥ አስቀመጥኳት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ዐሥራ አንዱን መስመር እንደገና አየሁት። አንድ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ድስት ውስጥ የገባችው አንዷ ብቻ ናት። ረሂማ ሽሮ ውስጥ አሁንም ስንት ካንዴላ ቀርቷት ይሆን?