የተነቀሰው እንቅርት

እማማ ወለተጻድቅ በልጅነታቸው እንቅርታቸውን ይጠፋል ተብሎ ተነቀሱት። አልጠፋም፤ የመንደራቸው የቀራንዮ ሰው ግን «ጌጥ ነው» አለ። ልጃቸው ኪዳን «ሐኪም ይየው» ስትላቸው፣ «ጌጤን ማን ይነካል!» እያሉ ኖረው፣ ዘንድሮ ድምፃቸው ሲሰልል ሄዱ።

ሐኪሙ ካንሰር መሆኑንና ወደ ሳንባቸው መዝለቁን ነገራቸው።

«የእህቴ ልጅ ኮሪያ ታክማ ድና የለም እንዴ?» አሉ።

«እዚያ የጤነኛውንም አንገት በአልትራሳውንድ ስለሚያዩ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህለዋን ካንሰር ሁሉ በጊዜ ያገኛሉ። የታማሚዎቻቸው ቁጥር የናረው ለዚህ ነው። የእኛ ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ከሆነ ምነው እኔን አላለፈኝ?»

ሐኪሙ አቀረቀረ። «ትንሽ የሚመስለው፣ እማማ፣ ብዙው ሳይመረመር ስለሚቀበር ነው።»

ወለተጻድቅ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉ።

«በል እንግዲያው፣ ሳልቀበር ቁጠረኝ።»