የዳገቱ ሥር ፌርማታ

መነጽር ሠሪው የባለቤቱን ድስቶች በግቢው ሲሚንቶ ላይ እየደረደረ ነበር። ትልቁን ከበሩ አጠገብ አስቀመጠ፤ ጥቂት ተራምዶ መካከለኛውን አኖረ፤ ደግሞ ተራምዶ ክዳኑ የጠፋውን ትንሹን ደፋው። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰልፉን አየ። መስመር የሳተውን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው።

«በጣሳ ብትሞክረውስ?» አለች ባለቤቱ ከኩሽናው መስኮት።

«ጣሳ ቀላል ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል።»

«ድስቴንስ ሞተሩ አይወስደውም?»

«እኔ ድስት አልነካም።»

«ትላንት የነካኸው እንግዲህ ድስት አልነበረም።»

ትላንት የተነካው ድስት ጎኑ ገብቶ፣ እንደ ተቀየመ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

ትልቁ ሞተር ከግቢው ጥግ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ሰው መንጃ ፈቃድ ያወጣና ሞተር ይገዛል። መነጽር ሠሪው ግን ሞተሩን ገዝቶ ነው ፈቃድ ፍለጋ የወጣው፤ ልጁ ሳይወለድ አንቀልባው ተሰፋ። በኪሱ ያለው ፈቃድ ለትንሽ ሞተር ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሞተር በግቢው ውስጥ፣ በድስቶች መሐል፣ እንደ ታሰረ በሬ ከመዞር በቀር የሚሄድበት አልነበረውም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዳገቱ ነው። ቤታቸው ዳገት አናት ላይ ነው። የእሱ መነጽር ቤትና እሷ በካርድ ክፍል የምትሠራበት ክሊኒክ ደግሞ ከታች፣ ጎን ለጎን ናቸው። ከተጋቡ ጀምሮ ማታ ማታ በትንሹ ሞተር አብረው ይመለሳሉ። ትንሹ ሞተር ሜዳ ላይ ሁለቱንም ይችላል። ዳገት ላይ ግን አንዱን መምረጥ አለበት፤ የሚመርጠውም መሪ የያዘውን ነው። እናም ዳገቱ ሥር ሲደርሱ መነጽር ሠሪው ፍሬቻ ያበራል፣ ጥግ ይይዛል፣ ሞተሩን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል፤ እሷ ትወርዳለች። ከዚያ እሱ በሞተር፣ እሷ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በእግሯ። ዘንቢሉን እንኳ ለምን አይዝላትም የሚል ካለ፣ መሪ ላይ የተንጠለጠለ ዘንቢል ሚዛን ያዛባል። ይህን ራሱ መነጽር ሠሪው በትዕግሥት አስረድቷታል።

አናቱ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃታል። ደርሳ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ «ምነው ዘገየሽ? ነዳጅ እያለቀ እኮ ነው» ይላታል። ሲላት ክፋት የለበትም። ነዳጁ በእርግጥ እያለቀ ነው።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ በትልቅ ሞተር ከክሊኒኩ በር ተቀብሎ፣ መሐል ላይ ሳያወርድ፣ ዳገቱ አናት ላይ አደረሳት። ቤት ገብታ «ዳገቱ ለካ አጭር ነው» አለች። ከዚያ ሄልሜቷን በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለች። «ከዛሬ ጀምሮ፣ መንገድ ላይ በሚያወርደኝ ነገር ላይ አልወጣም።»

ቀልድ መሰለው። በማግስቱ ከክሊኒኩ በር ጀምራ በእግሯ ሄደች። እሱ ከጎኗ በሞተሩ እያዘገመ፣ «ውጪ እንጂ፣ ሰው ያየናል» ይላታል።

«ይየን።»

«እስከ ዳገቱ ሥር እንኳ።»

«እስከ ዳገቱ ሥርማ ውሻም ይሸኘኛል።»

የኋላው ወንበር ባዶ ቀረ። ደንበኞቹ መነጽር እየለኩ «ባለቤትዎስ ደህና ናት?» ይሉት ጀመር፤ የታመመች ወይም የተፋቱ ያህል። መነጽር ሠሪው የፈለገው ትልቅ ሞተር አልነበረም ማለት ውሸት ይሆናል፤ እንደ ልጅ ነው የፈለገው። ግን ከዚያ በላይ፣ ያ ሄልሜት ከምስማሩ እንዲወርድ ፈለገ።

አሰልጣኙ ማስቲካ ከአፉ የማይለይ ጎረምሳ ነው። «ጋሼ፣ ሞተር ዓይንዎ ወዳየበት ነው የሚሄደው» ይለዋል። «ድስቱን ካዩ ድስቱን ይመታሉ። አሻግረው ይዩ።»

«የዓይን ነገር ለእኔ ተወው። ሥራዬ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ይሄን መነጽር ከእርስዎ ነው የገዛሁት።»

«ታዲያ?»

«ራሴን ያመኛል።»

ያም ሆኖ ጎረምሳው ሥራውን ያውቅ ነበር። ትልቅ ሞተር ሲሮጥ ማንም ይነዳዋል፤ ሲያዘግም ነው ጉድ የሚታየው። መነጽር ሠሪው ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጉልበቱ ተላጠ፤ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ እየለቀቀ፣ የኋላ ፍሬኑን እየዳሰሰ፣ ስምንት ቁጥርን በጠባብ ቦታ መሥራት ተማረ። ከጊዜ በኋላ ድስቶቹ ከኩሽና እንደ ወጡ ንጹሕ ሆነው ይመለሱ ጀመር። ያኔ ደረቱ ተነፋ። እራት ላይ ማንኪያውን እንደ ፍሪሲዮን ይዞ ማስረዳት ጀመረ። ባለቤቱ ማንኪያውን ከእጁ ወስዳ ወጥ ትጨልፍበታለች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኙ፣ ሳቅ በተከለከለበት ቤት ያደገ የሚመስል ረዥም ሰው፣ ሜዳው ዳር እጁን አጣምሮ ቆመ። መነጽር ሠሪው ሞተሩን ከካቫሌቶው፣ ከማቆሚያ እግሩ፣ አወረደ፤ ሳያስነሣ ገፍቶ አዞረው፤ አስነሥቶ ስምንቱን ሠራ፤ በፕላስቲክ ሾጣጣዎቹ መሐል እንደ ክር ሾለከ፤ በፍጥነት መጥቶ ነጩ መስመር ላይ ቀጥ አለ። አንዲት ሾጣጣ እንኳ አልነካም። ፈታኙ ራሱን አንድ ጊዜ ነቀነቀ። ከእሱ ዘንድ ይህ ጭብጨባ ነው።

«አሁን መንገድ እንወጣለን። እኛ በመኪና ከኋላዎ ነን። ዳገቱን ወጥተው፣ አደባባዩን ዞረው ይመለሱ።»

መነጽር ሠሪው በሄልሜቱ ውስጥ ፈገግ አለ። ዳገቱን ሌላው ይፍራው፤ እሱ እንደ መዳፉ ያውቀዋል።

ሜዳውን በሥርዓት ነዳ። ስፖኪዮ አየ፣ ለእግረኛ ቅድሚያ ሰጠ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ፍሬቻ አበራ። ጥግ ያዘ። ቆመ። ሞተሩን ወደ ግራ ዘንበል አደረገና፣ አንገቱን ጣል አድርጎ፣ የኋላው ክብደት እስኪቀል ጠበቀ። አልቀለለም። ማዘንበሉን ትንሽ ጨመረ። «ይህች ሴት ዛሬ ምን ነካት» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ያኔ ነው ላብ ያጠመቀው። በስፖኪዮው ውስጥ መኪናውን የያዘው አሰልጣኝ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ታየው።

ፈታኙ ወርዶ መጣ።

«ተበላሸ?»

«የለም።»

«ሰው ገባብዎ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ቆሙ?»

መነጽር ሠሪው ውሸት ፈለገ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ «ያምርብዎታል» ሲል የሚውል ሰው፣ በዚያች ሰዓት አንዲት ውሸት አጣ።

«ባለቤቴ እንድትወርድ» አለ።

ፈታኙ የኋላውን ወንበር አየ። መንገዱን ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ።

«ወረዱ?»

«አልነበረችም።»

«እንግዲህ የሌለ ሰው ለማውረድ ያለውን መኪና ሁሉ አስቁመዋል» አለ ፈታኙ፣ ከኋላ ጥሩምባ የሚያስጮኸውን ሰልፍ በአገጩ እያሳየ። «ሌላ ጊዜ ይሞክሩ።»

ማታ ባለቤቱን የጠበቀው የተዘጋጀ ንግግር ይዞ ነበር። ገና ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ጀመረ። «ሰዎቹ ተንኮለኞች ናቸው። ሜዳው ላይ እንከን ሲያጡ መንገድ ላይ ፈልገው . . .»

«ጫማ ሰፊው ነግሮኛል።»

ጫማ ሰፊው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ተቀምጦ ከታች ያለውን ሁሉ የሚያይ ሰው ነው።

«ቆምክ አለኝ።»

«ቆምኩ።»

«ታዲያ ወረድኩ?»

መነጽር ሠሪው የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አስተካከለ። «አልወረድሽም።»

«ለዚህ ነዋ የወደቅኸው።»

ትስቃለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትስቅ ይሻለው ነበር። ሽንኩርት አውጥታ መክተፍ ጀመረች። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለች ለሽንኩርቱ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ይሄን አሰልጣኝህ አያስጥልህም። አንተ ዳገቱን አታውቀውም።»

«እኔ? በየቀኑ የምወጣውን?»

«ሥሩንና ጫፉን ነው የምታውቀው። መሐሉን የማውቀው እኔ ነኝ። እንደገና እስክትፈተን ድረስ በእግርህ ውጣ። ዘንቢሉንም ያዝ።»

«ሞተሬስ?»

«ሱቅ ይደር። ነዳጅ ይተርፍሃል።»

በማግስቱ ድንቹንና ዘይቱን ተሸክሞ ተነሣ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሌላ መታጠፊያ እንዳለ አየ፤ ሞተሩ ይህን ነግሮት አያውቅም። ዘንቢሉ እጁን ሲቆርጠው ወደ ሌላው እጁ አዛወረ፤ ሌላው እጁም የዚያው ሰው እጅ ነው። መንገዱ ዳር ያለው የድንጋይ አጥር ወገብ ከፍታ ላይ አንድ ቦታ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ዝናብ እንዲህ ለይቶ አያለሰልስም። ወገቡን አስደገፈበት፤ ልክ መጣለት።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ማን ሰረቀዎት?» አለ ጫማ ሰፊው፣ ከመዶሻው ቀና ሳይል።

«ፈተና ላይ ነኝ።»

«የሞተር ነው የእግር?»

መነጽር ሠሪው ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠ።

«ይቀመጡ፤ ይቺ ድንጋይ የእትዬ ናት። ለባል አይከለከልም።»

በዚያው ቅጽበት የባለቤቱ ታናሽ ወንድም ትልቅ ሞተር ሽው ብሎ አለፈ። ከኋላው የተቀመጠችው ሴት አልዞረችም። አናቱ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ጠበቀው።

«ምነው ዘገየህ?» አለች ባለቤቱ። «ነዳጅ እያለቀ እኮ ነው።»

ወንድሟ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዙሮ ጉሮሮውን ጠረገ። መነጽር ሠሪው ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ፣ እዚህ ቦታ ላይ ዝም ስትለው፣ የተስማማች መስሎት ነበር።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። ንግግሩ ቀነሰ፤ የጫማው አፍንጫ ተላጠ። ሁለተኛው ፈተና ሲመጣ ሜዳውን እንደ ፊቱ ሠርቶ መንገድ ወጣ። ዳገቱ ሥር እግሩ ለብቻው ወደ ፍሬኑ ሄደ፤ ጣቱም ፍሬቻውን ነካ። ግን ዓይኑ ጥጉን አላየም፤ የመጀመሪያውን መታጠፊያ አሻግሮ፣ ያንን የለሰለሰ አጥር ነበር የሚፈልገው። ማርሽ ቀነሰ፣ ጋዝ ጨመረ፣ ወጣ።

«ዛሬ ብቻዎን ነዎት?» አለ ፈታኙ ሲመለስ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«አልፈዋል።»

በነጋታው ጠዋት ባለቤቱ ሄልሜቷን ከምስማሩ አውርዳ አቧራውን እፍ አለችበትና ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። ማታ ክሊኒኩ በር ላይ አጠለቀችውና ከኋላው ወጣች። ሜዳውን ነዱ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ መነጽር ሠሪው ፍሬን አልነካም፤ ሞተሩ ግን ድንገት ወደ ግራ ተወዛወዘ። ባለቤቱ ከወንበሩ ብድግ ብላ በእግሯ መሬት እየፈለገች ነበር።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ንዳ።»

«ልትወርጂ ነበር እኮ።»

«ንዳ አልኩህ።»

መሪውን አጥብቆ ሚዛኑን መለሰ። አልሳቀም። ከተጋቡ ጀምሮ ከሠራቸው ብልህ ሥራዎች ይህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ከአንድ በላይ ካለው።

ጫማ ሰፊው መዶሻውን አንሥቶ ሰላም አላቸው። አጥሩ አለፈ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ አለፈ፣ አናቱ ላይ ወጡ። እዚያ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ጫማዬ።»

«ምን?»

«ጫማዬ እኮ ጫማ ሰፊው ጋ ነው። ሶል ላስቀይር ሰጥቼው ነበር። ነገ ጠዋት የማደርገው እሱን ነው።»

መነጽር ሠሪው ቁልቁል አየ። ያንን ሁሉ ብረት በጠባብ ዳገት ላይ፣ ሰው ጭኖ ማዞር አሰልጣኙም የሚደፍረው አይደለም። ካቫሌቶውን አወረደ።

«አጥፋው» አለች ባለቤቱ፤ «ነዳጅ ያልቃል።»

አጠፋውና በእግሩ ወረደ።

«ፈተናው አላለቀም እንዴ?» አለ ጫማ ሰፊው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ጫማ እያቀበለ።

«ዝም ብለህ ስጠኝ።»

ሲመለስ አጥሩ ጋ ወገቡን ደገፍ አደረገ፤ ከዚያ ወጣ። ባለቤቱ ሞተሩ ላይ ወደ ጎን ተቀምጣ ከተማውን ቁልቁል ታያለች። ስትዞር እጁን አነሣ።

«እንዳትዪ።»

«ምን አልኩ?» አለች።

ቤት ሲገቡ ጫማውን ከጋዜጣው ፈታ። አዲሱን ሶል በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ቆዳው ግን የድሮው ነው፤ አፍንጫው እንደ ራሱ ጫማ አፍንጫ ተልጧል። የመነጽር መጥረጊያ ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ የቀረውን አቧራ ጠረገ። በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ጥንዱን አስተካክሎ አስቀመጠና ጋዜጣውን አጥፎ ከሥሩ ከተተው።